በቢትኮይን የተደገሰ ክርስትና

በዓለም ላይ ድግሱ በቢትኮይን የተደገሰለት የመጀመሪያው ሕፃን የእኔ የክርስትና ልጅ ነው። የሚጠራጠር ካለ ከእኔ በፊት የደገሰውን ሰው ስምና አድራሻ ይዞ ይምጣ። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥር፣ ወሩ ታኅሣሥ፣ ቀኑ ፈረንጆቹ የገና ዋዜማቸውን የሚያከብሩበት እሁድ። ቦታው ሞርተንሩድ፣ የኦስሎ ባቡር ሄዶ ሄዶ መሄጃ ሲያጣ የሚቆምበት ሰፈር።

ልጁ የሜሉና የኪዱ ነው። ሁለቱም እዚሁ ኖርዌይ ተወልደው ያደጉ ናቸው። አማርኛቸው አንዳንዴ ይንገዳገዳል እንጂ ወግ አክባሪዎች ናቸው። የልጁ አርባ ቀን ሲቃረብ ቤቴ ድረስ መጥተው ክርስትና እንዳነሳላቸው ለመኑኝ። ለምን እኔን? ይድነቃቸው ሲባል ኦስሎ ውስጥ የማያውቀው ሐበሻ ስለሌለ ነዋ። ብሪን በሚባለው ሰፈር ካሉት የቢሮ ሕንፃዎች የግማሹ ቁልፍ የሚንጠለጠለው በእኔ ወገብ ላይ ነው። ዳይሬክተሮቹ ሳይገቡ እኔ እገባለሁ፣ እነሱ ሲወጡም እኔ እዘጋለሁ። በመሀል ወለል እወለውላለሁ፤ እሱን ወሬኛ ያውራው።

ቃል ስገባ በትንሹ መግባት አልችልበትም። የማኅበራችን የቫይበር ግሩፕ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ድግሱ ሙሉ በሙሉ በእኔ ነው። ማንም ሰው ድስት ይዞ እንዳይመጣ። ሁሉም ነገር በቢትኮይን ይገዛል።» እኛ እዚህ ያለን ሰዎች ክርስትና ሲኖር አንዱ ቤት ምስሩን፣ ሌላው ቤት ጎመኑን ሠርቶ ነው የሚመጣው። እኔ ከለከልኩ። የኪዱ እናት ከስቶክሆልም ድረስ ሽሯቸውን ተሸክመው መጥተው ምድጃ ሊያበሩ ሲሉ፣ «እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ ይቀመጡ» ብዬ በስልክ አስቀመጥኳቸው። ቅር እያላቸው ተቀመጡ።

ቢትኮይን የገዛሁት ስሙን ከዓሣ ዓይነት ለይቶ የሚያውቅ ሰው ባልነበረበት ጊዜ ነው። በኋላ ሰማይ ሲነካ ሰው ሁሉ «አትንካው፣ አስቀምጠው» ይለኝ ጀመር። የማይገዙበት ገንዘብ ምኑ ገንዘብ ነው? የግድግዳ ሥዕል ነው እንጂ! ስለዚህ የኦስሎን የገበያ ሰፈር፣ ግሮንላንድን፣ ከላይ እስከ ታች ዞርኩት። ፀጉር አስተካካዩን፣ ስልክ ጠጋኙን፣ አትክልት ሻጩን፣ ሁሉንም «በዚህ መቀበል ጀምሩ፣ ዓለም ጥሏችሁ እየሄደ ነው» እያልኩ ሰበክኩ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ራሴን ላጭቶ ሌላውን ግማሽ በጥሬ ገንዘብ ካልከፈልክ አልነካም አለኝ። እሺ ያለችኝ ሐዋ ብቻ ናት።

ሐዋ የኮምቦልቻ ሰው ናት። ግሮንላንድ ላይ ጤፍና ቅመም ትሸጣለች፤ ከሱቋ ጀርባ ወጥ ቤት አላት፣ የድግስ ትእዛዝ ትቀበላለች። «እኔ ነጋዴ ነኝ» አለችኝ። «ደንበኛ በቆሎ ይዞ ቢመጣ እመዝንለታለሁ።» እኔም «ቢትኮይን እንቀበላለን» የሚል ተለጣፊ በገዛ ገንዘቤ አሳትሜ፣ በገዛ እጄ በሯ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ የክርስትናውን ድግስ አዘዝኳት። ጾመ ነቢያት ስለሆነ ሁሉም የጾም ነው፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንችና ካሮት፣ ሦስት ከተማ የሚመግብ እንጀራ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልረከብ ሄድኩ። ኪዱ የተከራየነውን መኪና ሱቁ በር ላይ አቁሞ፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱን አብርቶ መሪው ላይ ተቀምጧል። ውጭው ከጨለመ ቆይቷል። መንገዱ ከነገ ጀምሮ ሁሉም ነገር ስለሚዘጋ በሚሯሯጥ ሰው ተጥለቅልቋል። የሐዋ ድስቶች ክዳናቸው በላስቲክ ታስሮ በር አጠገብ ተደርድረዋል፤ እንጀራው በካርቶን በካርቶን። ሽታው ጾመኛን የሚፈትን ነው።

«በል ክፈልና ጫን» አለች ሐዋ። «በአሥራ ሁለት ሰዓት እዘጋለሁ። ነገና ከነገ ወዲያ አልከፍትም።»

ስልኬን አወጣሁ። እዚህ ላይ አንባቢ በደንብ ይከተለኝ። ቢትኮይን ሲላክ በባንክ አያልፍም። ኮምፒውተራቸውን ቀን ከሌሊት የሚያስጮኹ «ቆፋሪ» የሚባሉ ሰዎች አሉ፣ የት እንዳሉ እግዜር ይወቅ፤ እነሱ ሲያጸድቁት ነው ገባ የሚባለው። ለድካማቸው የመላኪያ ይወስዳሉ። ስልኬ የመላኪያውን ዋጋ አወጣ፦ አራት መቶ ክሮነር። እኔ ደግሞ መርካቶ ያደግኩ ሰው ነኝ። የተጠራለትን ዋጋ ዝም ብሎ የሚከፍል ሰው ባላገር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ከሥር «የራስዎን ዋጋ ያስገቡ» የምትል ባዶ ቦታ አየሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ግብዣ ገጥሞኝ አያውቅም። መቶ ሃምሳ አልኳቸው።

ላክሁት። የሐዋ ስልክ ጭል አለ። አየችው።

«‹ያልተረጋገጠ› ይላል።»

«አሁን ይላል። ትንሽ ጠብቂ።»

ጠበቅን። አንድ ደንበኛ መጣ ሄደ፣ ሌላ መጣ ሄደ። ‹ያልተረጋገጠ›።

«ለምንድን ነው የማይገባው?» አለች።

«እየተከራከርን ነው። የመላኪያውን ቀነስኩባቸው። መጀመሪያ ዝም ይላሉ፣ ቀጥለው ሦስት መቶ ይላሉ፣ እኔ ሁለት መቶ እላለሁ፣ እንስማማለን። ዋናው ነገር ቀድሞ አለመናገር ነው።»

ሐዋ ንግድ ታውቃለችና ራሷን ነቀነቀች። ሁለታችንም ቆፋሪዎቹ ዋጋቸውን እስኪጠሩ ስልኩ ላይ አፈጠጥን።

ኪዱ ደወለ። «ጋሼ፣ እየጫንን ነው? የፓርኪንግ ተቆጣጣሪው ከታች እየመጣ ነው።»

«እያሸግን ነው። አንድ ዙር ዞረህ ና።»

በካርዴ እንዳልከፍል፣ የታኅሣሥ ደሞዜን ሙልጭ አድርጌ ቢትኮይን ገዝቼበታለሁ፤ ካርዴ ላይ የቀረው የባቡር ትኬት ቢገዛ ነው። ኪዱን ክፈል እንዳልል፣ የልጁ አባት ከከፈለ እኔ ክርስትና አነሳሁ ወይስ ዕቃ ጫንኩ? ነገ ደግሞ መቶ ሰው ድስት እንዳይዝ ተከልክሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ባዶ ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል። የኪዱ እናት በዚያ ጠረጴዛ ጫፍ ሆነው ሲያዩኝ ታየኝ። ልጁ አድጎ «የክርስትና አባትህ ማነው?» ሲባል፣ «ያ ሰው ጾም ያሳደረን» ሲል ተሰማኝ።

ሜሉ ጋ ደወልኩ። ሜሉ ባንክ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ነው የምትሠራው፤ እንዲህ ያለ ነገር ታውቃለች።

«ሜሉዬ፣ ለአንድ ወዳጄ ነው። ቢትኮይን ሲልክ የመላኪያውን ተከራክሮ ነበር...»

«ከማን ጋር ነው የተከራከረው?»

«ከቆፋሪዎቹ።»

ሳቋ ሕፃኑን ቀሰቀሰው። «ናይ፣ አይደለም ጋሼ! እዚያ እኮ ሰው የለም። ማሽን ነው። ብዙ የከፈለውን ያስቀድማል፣ ትንሽ የከፈለውን ጥግ ያስቀምጣል። መልስ የሚሰጥ የለም።»

«ከፍ ማድረግ አይችልም?»

«በአንዳንድ ዋሌት፣ ማለቴ የቢትኮይን ቦርሳ፣ ይቻላል። የሱ ምንድን ነው?»

ስሙን ነገርኳት። «በዚያ አይቻልም። እንግዲህ ወዳጅህ ይጠብቅ። በዚህ ሰሞን መስመሩ ተጨናንቋል፤ ምናልባት ነገ፣ ምናልባት ሳምንት። ጋሼ፣ ምግቡ ግን መጣ? የኪዱ እናት ‹ሽሮውን ልጣደው ወይ?› እያሉ አስጨነቁኝ።»

«መንገድ ላይ ነው። እንዳይነኩት በያቸው።»

ስልኩን ዘግቼ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ የተፋጠጥኩት ከማንም ጋር አልነበረም። በዓለም ላይ ካለ ነጋዴ ጋር ተከራክሬ ተሸንፌ አላውቅም፤ ነጋዴ ከሌለበት ግን ምን ይደረጋል?

በዚያች ሰዓት በሩ ተከፍቶ ጋሽ ገብረመድህን ገቡ። ጡረታ የወጡ የትራም ሹፌር ናቸው፤ ገንዘባቸውን በደረት ኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ፣ የባንክ ካርድ እንኳ የማያምኑ ሰው። በርበሬ አስመዘኑና አንድ በአንድ ጥሬ ገንዘብ ቆጥረው ከፈሉ። ከዚያ ወደ ጆንያው ዞሩ።

«አንተ ይድነቃቸው፣ ምነው ዓሣ መሰልክ? ያ የአየር ገንዘብህ ደኅና ነው?»

«በመጓዝ ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«በእግሩ ነው እንዴ?»

ሐዋ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። ጋሽ ገብረመድህን ድስቶቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ነገሩ ገባቸው። ኪሳቸውን ዳሰስ አደረጉ። «ልክፈልልህና ሲደርስ ትሰጠኛለህ?»

አምላክ ያውቃል፣ ምላሴ እሺ ልትል ተነስታ ነበር። ግን እኚህ ሰው ከፍለውልኝ ቢሆን፣ እስከ ዕለተ ሞቴ፣ ከእያንዳንዱ ቅዳሴ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ተዝካር ላይ ሲተርኩብኝ ይኖራሉ።

«ይተዉ ጋሼ! ገብቷል ማለት ይቻላል።»

«እሺ እንግዲህ። እኔ ነገ በባዶ ሆዴ ነው የምመጣው።» ወጡ።

ስልኬን አየሁ። ‹ያልተረጋገጠ›። ይባስ ብሎ የቢትኮይን ዋጋ እንደ በረዶ መንሸራተቻ ቁልቁል እየተንደረደረ ነው። ሐዋም አየችው።

«ይኼ ነገር ሳይገባ እያነሰ ነው እንዴ?»

«ይተነፍሳል፤ ይመለሳል።»

መጋረጃውን ማውረድ ጀመረች። «ይድነቃቸው፣ ዋስ ጥራ።»

«ሐዋዬ፣ የዚህ ገንዘብ ቁም ነገሩ እኮ ዋስ አለመፈለጉ ነው። ስንት ጊዜ አስረዳሁሽ?»

«አስረድተኸኛል። ባንክ አያስፈልግም አልከኝ። ዳኛ አያስፈልግም አልከኝ። ዋስ አያስፈልግም አልከኝ። ገንዘብም አያስፈልግም ግን አላልከኝም።»

ውጭ ኪዱ ጥሩምባ ነፋ። አንዴ፣ ሁለቴ። ሐዋ የማቀዝቀዣውን መብራት አጠፋች። ከዚያ ቆም ብላ እጄን፣ እጄ ውስጥ ያለውን አየች።

«ገንዘብህ ያለው የት ነው?»

«እዚህ ነዋ፣ ስልኬ ውስጥ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያው ስልክህ እኔ ዘንድ ይደር።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«አያቴ ኮምቦልቻ ላይ ሱቅ ነበረው» አለች። «ገበሬ ጨው ሲወስድ ጋቢውን ትቶ ይሄዳል። ምግቡን ውሰድ፣ ስልክህን ተው። ነገ እስከ ቀትር ከገባ አመጣልሃለሁ፣ ከገበታህም እበላለሁ። ካልገባ ግን ወላሂ፣ አዳራሹ መሀል ቆሜ ‹የዚህ ድግስ ባለቤት ማነው?› ብዬ እጠይቃለሁ።»

ተሸካሚ አጥቶ የቀረ ታቦት እንኳ እንደኔ አልደነገጠም። ግን ድስቶቹ ከፊቴ ናቸው። ስልኩን ሰጠኋት። በርበሬ መመዘኛው አጠገብ ቻርጅ ላይ ሰካችው። «አብሽር» አለችኝ፤ አልቀለለኝም። ኪዱ «ስልክህስ?» ሲለኝ፣ «የክርስትና አባት በዋዜማው ስልክ አይዝም፣ ሥርዓቱ ነው» አልኩት። አመነኝ። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ጥሩነቱ ይኼ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በቅዳሴው ላይ ሕፃኑን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ከኖርዌጂያኖቹ የተዋስነው ነው። ረፋዱ ላይ ለራሳቸው ገና ስለሚፈልጉት ቄሱ ፈጠን ፈጠን ይላሉ። እኔ ግን ልቤ ግሮንላንድ ነው። ስልክ ቢጠፋ ዋሌቱን የሚመልሱ አሥራ ሁለት ቃላት አሉ፤ በቃሌ እንደ ዳዊት እወጣቸዋለሁ እያልኩ ለሰው ስናገር ኖሬያለሁ። አሁን ብቆጥራቸው ዘጠኝ ሆኑ። እንደገና ቆጠርኳቸው፤ ስምንት። ሐዋ ቤት እሳት ቢነሳስ? ሌባ ቢገባስ? የማቀዝቀዣው ውኃ ቢፈስበትስ? ፊቴን ወደ ምዕራብ አዙሬ ሰይጣንን ስክድ፣ በዚያች ደቂቃ ከሰይጣን ይልቅ ያ መቶ ሃምሳ ክሮነር ነበር ዓይኔ ላይ የሚድኸው። «ጮክ በል!» አሉኝ ቄሱ። ጮህኩ። ሕፃኑም አብሮኝ ጮኸ። ኦስሎ ውስጥ እንዲህ የተካደ ሰይጣን የለም።

ከዚያ ወደ ሞርተንሩድ፣ ወደ ነዋሪዎቹ አዳራሽ። ድስቶቹ ተከፈቱ፣ ጠረጴዛው ሞላ፣ ሰው መጣ። መቶ ብያለሁ? መቶ ሃምሳ ይሆናል። የኪዱ እናት ሽሮውን ቀመሱና «ደኅና ነው» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ሽልማት ነው። ሜሉ ቀሚሷን ለብሳ፣ ልጇን ታቅፋ፣ ፊቷ በርቷል። እኔ ብቻ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ በሩን አያለሁ።

ወጣቶቹ ከበቡኝ። «ጋሼ፣ እንዴት እንደከፈልክ አሳየን!»

«ዛሬ የልጁ ቀን ነው፣ የእኔ አይደለም» አልኩ። እንዲህ ያለ ትሕትና ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ኪዱ ራሱ ገርሞት አየኝ።

ጋሽ ገብረመድህን ከሰሃናቸው ቀና አሉ። «ስልክህ የታል?»

«ቤት ነው።»

«እሱም በእግሩ እየመጣ ነው?»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ቀትር ሊሞላ ሲል በሩ ተከፈተ። ሐዋ። ጥቁር ካፖርቷን እንደለበሰች፣ በአንድ እጇ ላስቲክ ከረጢት ይዛ፣ በሰው መሀል ቀጥ ብላ ወደ እኔ ትመጣለች። ፊቷ የዳኛ ፊት ነው። አፏን ስትከፍት አየሁ።

ለዚህ ዓይነቱ ሰዓት ነው እግዜር ምላስ የሰጠኝ። «ወገኖቼ!» ብዬ ጮህኩ። «ይህን ገበታ ያሰናዳችው እጅ ይኸውላችሁ! ግሮንላንድ ላይ ብቻ አይደለም፣ ከዚህ እስከ ሰሜን ዋልታ አቻ የላትም!» ሰው አጨበጨበ። ሐዋ ደንግጣ ቆመች። «እኔ የመጣሁት...» ስትል ክንዷን ይዤ ሜሉ አጠገብ አስቀመጥኳት፤ ሰሃን አቀረብኩ፤ በምስር የራሰ እንጀራ ጠቅልዬ የሕፃን ራስ የሚያክል ጉርሻ አፏ ውስጥ ከተትኩ።

እጇን አወናጨፈች። ማኘክ ጀመረች። ዓይኗ ግን ዓይኔን አልለቀቀም። ልትውጥ ስትል ሁለተኛውን ደገምኳት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አልኩ ለሰው ጮክ ብዬ። ሁሉም ሳቀ፤ የኪዱ እናት እልል አሉ። ሐዋ ጉንጮቿ ተነፍተው፣ ጣቷን ወደ ከረጢቱ ትጠቁማለች። እኔ ከረጢቱን እንዳላየሁ ሆኜ ሦስተኛውን ጠቀለልኩ። ያ ሲያልቅ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ጎመኑ ገና አለ ብዬ ነበር የማስበው።

ሦስተኛው አፏ ሳይደርስ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። ውኃ ለመነች። ጠጣች። አዳራሹ በሙሉ ያየናል።

«አንተ ሰውዬ ልትገድለኝ ነው?» አለች፣ በጆሮዬ። «ጠዋት ገብቷል እኮ! ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

ጉርሻው ከእጄ ወደቀ። ጋሽ ገብረመድህን «ምን አለችህ?» አሉ።

«ከክርስትና ድግስ ሁሉ ይኼን የመሰለ አላየሁም አለች» አልኩ።

ሐዋ ከረጢቱን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ስልኬ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። «ሌሊቱን እንደ ጫጩት ሲጮህ አደረ» አለች ቀስ ብላ። «ደግሞ የገባው ከተስማማነው ያንሳል፤ መንገድ ላይ ዋጋው ረግፏል። የጎደለውን በሥራ ትከፍለኛለህ። ከበዓሉ በኋላ መጥተህ የወጥ ቤቴን ወለል ትወለውላለህ። የብሪኑን ዳይሬክተር ቢሮ እንደምትወለውለው አድርገህ።»

«እኔ አስተዳዳሪ ነኝ።»

«አስተዳዳሪም ይምጣ» አለችና ሰሃኗን ወደ ሽሮው አስጠጋች። ሜሉ ሕፃኑን እንድታቅፍ ሰጠቻት።

ከበዓሉ በኋላ ሄድኩ። ያን ወለል እንዴት እንዳበራሁት የሚናገር ቢኖር ግሮንላንድ ራሱ ይናገር፤ ፊትህን አይተህበት ትላጫለህ። ልገባ ስል ግን በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ተለጣፊዬን የቀደደችው መሰለኝ። አልቀደደችውም። «ቢትኮይን እንቀበላለን» ከሚለው ሥር በወፍራም እስክሪብቶ «ስልክ በመያዣ» ብላ ጨምራበታለች። በመስተዋቱ አጮልቄ አየሁ። በርበሬ መመዘኛው አጠገብ የማላውቀው ሰው ስልክ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ብልጭ ድርግም ይላል። ከአጠገቡ አንድ ወጣት ቆሞ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ጥፍሩን ይበላል።

«ተከራከርክ?» አልኩት ስገባ።